ጠበሉ ላይ የጨመርኩት ውሃ

ባለፈው ክረምት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወንድሜ ቤት ሄጄ ነበር። ተሻገር ገና ከመቀመጤ ውሃ ቀድቶ ሰጠኝና ወዲያው ብርጭቆውን መልሶ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እትየ፣ እሱን አትጠጪው! ክረምት ሲገባ መድኃኒት ያበዙበታል። በረኪና በረኪና ይላል። ከሱቅ እሽግ ውሃ ላምጣልሽ።»

«ተወው» አልኩት።

ሽታው ቀድሞኝ አፍንጫዬ ገብቷል። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። እማየ ጥጉ ላይ፣ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ታየኛለች። ወንድሜ ጢሙ ሸበት ብሎ፣ ሆዱ ወጣ ብሎ ፊቴ ቆሟል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ጥቁር ጭቃ፣ ክብ የቆርቆሮ ታንከር፣ አንድ ጠርሙስ ጠበል፣ እና የምታደርገው የጠፋት የስምንት ዓመት ልጅ። ያ ክረምት እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። እንደገባኝ ልናገረውና ሰው ይፍረደኝ።

ድንበሩን የተሻገርነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰኔ ሊገባ ሲል። አባየን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለሚሊሻ መዝግቦት ነበር። አባየ ደግሞ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው፤ ጠመንጃ ከየት ይሆንለታል! ሳንሰናበት ወጣን። እማየ የመውለጃዋ ወር ነበር። ሱዳን በገባን በሦስተኛው ቀን፣ ስደተኞቹ በሰፈሩበት ቦታ፣ በሣርና በላስቲክ ዳስ ውስጥ ወንድሜን ወለደች። ተሻግረን መጥተናልና ተሻገር ተባለ። አባየ ልጁን አንድ ሳምንት ካቀፈ በኋላ የሰሊጥ ሥራ ፍለጋ ወደ ትልልቆቹ እርሻዎች ሄደ። ዳሱ ውስጥ አራሷ፣ ሕፃኑና እኔ ቀረን።

እማየ ከቤቷ ይዛ የወጣችው አንድ ጋቢ፣ አንድ ድስትና አንድ ጠርሙስ የሚካኤል ጠበል ነው። መንገድ ላይ ምላሳችን ከላንቃችን ተጣብቆ እኔ ሳለቅስባት እንኳ ጠርሙሱን አልከፈተችውም። ተሻገር ሲወለድ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ አፉ ውስጥ ጠብ ታደርግለት፣ ግንባሩንም ታብስለት ጀመር። «ይህ ልጅ ያለ አገሩ ተወልዶ ያለ ሚካኤል አይደግ» ትላለች።

ጠበል እንዳያልቅ ይጨመርበታል፤ የተጨመረውም ጠበል ይሆናል። ይህን የማያውቅ የጎንደር ልጅ የለም። እማየ አራስ ስለሆነች ብዙ አትነሣም፤ ስለዚህ አንድ ቀን ጠርሙሱን ሰጠችኝ።

«ብርቄ፣ ካሁን በኋላ የዚህ ጠባቂ አንቺ ነሽ። ጎደል ሲል ከንጹህ ውሃ ጨምሪበት። ንጹህ ውሃ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አልኩ። ደረቴ ተነፋ። ጣጣው ከመነፋቱ በኋላ ነው የመጣው፤ እዚያ ሰፈር ንጹህ ውሃ የትኛው እንደሆነ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይናገርም ነበር።

የሰፈሩ ውሃ የሚመጣው ከሐፊሩ ነው፤ ሱዳኖች የዝናብ ውሃ የሚያቁሩበት ትልቅ ጉድጓድ። ከዚያ በሞተር እየተሳበ መሃል ላይ ያለውን የቆርቆሮ ታንከር ይሞላል፤ እዚያ ቆይቶ ጭቃው ይረጋል። የታንከሩ አለቃ ጋሽ ኪዳነ የሚባል ቀጭን ሰው ነበር፤ አማርኛውን በትግርኛ እያጣፈጠ የሚያወራ። ነጭ ዱቄት በባልዲ ይበጠብጥና መሰላሉን ወጥቶ ታንከሩ ውስጥ ይደፋዋል። ከዚያ ሰዓቱን እያየ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ንጉሥም ቢመጣ ቧንቧውን አይከፍትም።

«ጋሽ ኪዳነ፣ ምንድን ነው የምትጨምርበት?» አልኩት አንድ ጠዋት።

«እዚህ ውሃ ውስጥ ዓይን የማያየው፣ ነፍስ ያለው ነገር አለ፣ ጓለይ» አለኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለቱ ነው። «ይህ መድኃኒት ሁሉንም ይገድለዋል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም! አንድ አይቀር!» አለ ደስ ብሎት።

ቀጥሎ ጣት በምታህል ጠርሙስ ውሃ ቀዳና አንዲት ደቃቅ ክኒን ጣል አደረገባት። ውሃው ቀላ! «ጽቡቕ» ብሎ ፈገግ አለ። እኔ ጠጉሬ ቆመ። ገደልኩት ያለው ነገር ደሙ ወጣ አልኩ እንጂ ሌላ ምን ልበል? መድኃኒቱ መብቃቱን የሚያይበት እንደሆነ ማን ነግሮኝ! የዚያን ቀን ጀሪካኔን ተሸክሜ ስመለስ ጀርባዬ ላይ ሬሳ ያዘልኩ መሰለኝ።

ሴቶቹም ውሃውን አይወዱትም ነበር። «ይህ ለልብስ ነው እንጂ ለሆድ ነው?» ይላሉ። እማየ ጣሳውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ፊቷን ታጨማድዳለች። አገር ቤት ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ ጠጥተን ምንም አልሆንን፤ እዚህ ጥርት ያለውን ውሃ ሰው በመድኃኒት ያገማዋል። ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ሆነብኝ።

በዚያው ሰሞን አባ አድማሱ መጡ። የሰፈራችን ቄስ ናቸው፤ የክርስትናውን ቀን ሊነግሩን ነው የመጡት። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይነሣል። እኔም መስቀል ከተሳለምኩ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«አባ፣ ክርስትና ሲነሣ ምን ይሆናል?»

«ውሃው ሲባረክ መንፈስ ቅዱስ ይወርድበታል። ወንድምሽ ከዚያ ውሃ እንደገና ይወለዳል።»

«ጠበሉስ?»

«ጠበሉ ላይማ አድሮበታል።»

«ውሃው ውስጥ?»

«ውሃው ውስጥ።»

«ይታያል?»

«ኧረ በዓይን አይታይም፣ ልጄ!» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ስቀው ሄዱ፤ እኔን ግን ላብ አሰመጠኝ። ዓይን የማያየው፣ ውሃ ውስጥ ያለ። ጋሽ ኪዳነ አንድ ሳያስቀር የሚገድለው ዓይን የማያየውን፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ነው። የታንከሩን ውሃ ጠበሉ ላይ ብጨምር ሚካኤል ድረስ የሚያደርስ ኃጢአት ነው! ለማን ልንገር? እማየ አራስ ናት፣ መደንገጥ የለባትም። ጋሽ ኪዳነ ራሱ ገዳዩ ነው። አባ አድማሱ ደግሞ ያንኑ የታንከር ውሃ በጣሳ ሙሉ ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ደግሞ ጭራሽ አልገባኝም። ጠርሙሱ በየቀኑ ይጎድላል።

ያዳነኝ፣ ወይም ያዳነኝ የመሰለኝ፣ የሐቦባ ዘይነብ ዚር ነው። ሐቦባ ሱዳኖች አያትን የሚጠሩበት ነው። ሴትዮዋ ሐፊሩ አጠገብ ከልጅ ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር፤ እኔ ጭራሮ ለቀማ ስሄድ ትጠራኛለች፤ እንግባባለንም አንግባባምም። አንድ ቀን ከሐፊሩ የቀዳችውን የቡና ዝቃጭ የመሰለ ውሃ ዚሩ፣ ትልቁ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ገለበጠችው። ከጓሮዋ ዛፍ የለቀመችውን ዘር ላጠች፣ ወቀጠች፣ በጥቂት ውሃ ለወሰች፣ ጨመረች። ከዚያ ቀስ ብላ አማሰለችና ከደነችው።

«ረዋግ» አለችኝ ዛፉን እያሳየች።

ከጭራሮዬ ስመለስ ክዳኑን አነሣችልኝ። የእግዜር ያለህ! ጭቃው ሁሉ ታች ተኝቷል፤ ውሃው ላይ ፊቴን አየሁ። አሸተትኩት፣ ምንም አይሸትም። ምንም አልተገደለም፣ ምንም አልደማም። ጭቃው ብቻ እሺ ብሎ ወረደ። ሐቦባ ወደ እሳቱ፣ ወደ ጀበናዋ እያመለከተች ብዙ ተናገረች። ሁልጊዜ ሻይ ትሰጠኝ ስለነበር ሻይ ልታፈላልኝ ነው ብዬ «ሹክረን፣ ሹክረን» ብዬ አመሰገንኩና ዘር በእፍኜ ለምኛት ሮጥኩ።

ንጹህ ውሃ አገኘሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዳሳችን ጀርባ አንድ ቅል ደበቅኩ። ከሐፊሩ እቀዳለሁ፣ ዘሩን እወቅጣለሁ፣ አማስላለሁ፣ ሲጠራ ጠርሙሱ ላይ እጨምራለሁ። እማየ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ይዛ አየችና «እንዴት ያበራል! እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው።

ተሻገር ወር ከሞላው በኋላ ሆዱ ተበላሸ። መጀመሪያ ቀን አለቀሰ፤ በማግስቱ ለቅሶውም ደከመ። ዓይኑ ጎደጎደ፣ አናቱ ላይ ያለችው ለስላሳ ቦታ ገባ አለች። የእማየ ጡትም በጭንቀት ነው በርሃብ አላውቅም፣ ደረቀ። እሷ የፈራችው ሞቱን ብቻ አልነበረም። ሳይጠመቅ ከሞተ ፍትሐት የለውም፣ ከክርስቲያን ጋር አይቀበርም። «ሚካኤል፣ አርባውን ብቻ አድርስልኝ» ትላለች ደጋግማ። እኔ ያች «ብቻ» አልገባችኝም። ከአርባ በኋላስ ትሰጠዋለች ማለት ነው?

«ብርቄ፣ ጠበሉን አብዢለት» አለችኝ። አንድ ማንኪያ የነበረው ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ጠርሙሱ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፤ እኔም ሐፊር እመላለሳለሁ። በባሰበት ቁጥር አበዛንለት፣ ባበዛንለት ቁጥር ባሰበት። አንድ ጊዜ ሐፊሩ ዳር ቅሌን ይዤ ጎንበስ ስል ከማዶ አህያ ውሃው ውስጥ ቆማ ስትሸና አየሁ። ልቤ ተጠራጠረ? ተጠራጠረም አልተጠራጠረምም። ዘሩ ያወርደዋል አልኩ። ጭቃን ያወረደ ሽንት ያቅተዋል?

በአምስተኛው ቀን እማየ አባ አድማሱን አስጠራቻቸው። ነፍስ ካስፈራ አርባው አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ይነሣ ተባለ። ወንዶቹ ሁሉ እርሻ ላይ ስለነበሩ ክርስትና አባት የሚሆነው ጠፋ። አባ አድማሱ ጋሽ ኪዳነን ከታንከሩ ጎትተው አመጡት። ገዳዩ! እሱ ነው ወንድሜን ከውሃው የሚቀበለው። ዝናቡ የዳሱን ላስቲክ ይቀጠቅጠዋል። እማየ ሕፃኑን አቅፋ ከውስጥ ናት፣ የውጩን ወሬ ዝናቡ አያሰማትም፤ ሁለቱ ሰዎች በር ላይ ዳሱ ጥላ ሥር ቆመው ድስታችንን አሰናዱ።

«ብርቄ፣ ውሃ አምጪ» አሉ አባ።

ከጀርባ ሄድኩ። ጀሪካኑ እዚያ አለ፣ ቅሉ እዚያ አለ። መሃላቸው ቆምኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ወንድሜን ስለምወደው ነው ቅሉን ያነሣሁት።

አባ አድማሱ ሊገለብጡት ሲሉ «እንዴት ይጠራል!» አሉ። ጋሽ ኪዳነ ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

«ይህ የኔ ውሃ አይደለም» አለ። «ከየት አመጣሽው?»

ቅሉን ከአባ እጅ ልቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«ብርቄ» አሉ አባ፣ ቀስ ብለው።

«የጋሽ ኪዳነ መድኃኒት መንፈስ ቅዱስን ይገድላል!» አልኩ። እንባዬ መጣ። «ዓይን የማያየውን ሁሉ ይገድላል፣ ራሱ ነው የነገረኝ! ደሙንም አይቻለሁ! ስለዚህ ከሐፊሩ ቀድቼ፣ በሐቦባ ዘር አጥርቼ... ጠበሉ ላይም የምጨምረው ይህንኑ ነው።»

ጋሽ ኪዳነ መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ጠበሉን ስጠራ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ለሕፃኑ ስንት ቀን ሰጣችሁት?»

«በየቀኑ። አሁን ደግሞ አብዝተንለታል።»

«ዘሩ እኮ ጭቃውን ነው የሚያወርደው፣ ጓለይ። የሚያሳምመው አብሮ ሁሉ አይወርድም። ሴትዮዋ ካጠራችው በኋላ ለልጆቿ ታፈላዋለች። አላየሽም?»

አይቻለሁ። ጀበናዋ መቼም ከእሳት ወርዶ አያውቅም። ሻይ ነው ብዬ!

አባ አድማሱ ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው ፊቴን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉኝ። «መንፈስ ቅዱስን የሚገድል መድኃኒት አልተፈጠረም። ኪዳነ የሚገድለው ወንድምሽን የሚገድለውን ነው። በይ ሩጪ፣ ያን የሚሸተውን አምጪ።»

ጀሪካኑ ግማሽ እንኳ አልነበረውም። ከጋሽ ኪዳነ ጋር ወደ ታንከሩ ሮጥን። ዋልካው እግሬን ውጦ አለቅም ሲል ጋሽ ኪዳነ በአንድ እጁ ባልዲውን፣ በሌላ እጁ እኔን ነቅሎ ሄደ። ከሳጥኑ ውስጥ በጨውና በስኳር የተቀመመ አንድ ትንሽ እሽግ ዱቄትም ኪሱ ከተተ።

ተሻገር በሚሸት ውሃ ተጠመቀ። አባ መጽሐፋቸውን ደግመው፣ ውሃውን ባርከው፣ ሦስት ጊዜ አፈሰሱበት። የክርስትና ስሙን ኃይለ ሚካኤል አሉት፣ ማተብ አሰሩለት። እኔ ዓይኔን ድስቱ ላይ ተክዬ ነበር፤ አንድ ነገር ሲወርድ ወይም ሲሞት አያለሁ ብዬ። ምንም አላየሁም። ተሻገር አነጠሰ። ከሦስት ቀን ወዲህ ያሰማት የመጀመሪያ ድምፁ እሷ ነበረች፤ እማየ ከጥግ እልል አለች።

ጋሽ ኪዳነ ያን ዱቄት በታንከሩ ውሃ በጥብጦ ማንኪያውን ለእኔ ሰጠኝ። «ትንሽ ትንሽ፣ ሳታቋርጪ» አለኝ። አላቋረጥኩም። እጄ ሲዝል እማየ ትቀበለኛለች፣ እሷ ሲደክማት እኔ። በሦስተኛው ቀን ተሻገር እማየ ጭን ላይ ሸና፤ እማየ የሸናባትን ቀሚስ ይዛ አለቀሰች። ጡቷም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ጠርሙሱን አባ አድማሱ ይዘውት ሄዱ። እማየን «ይህ ይበቃዋል፣ ሌላ እባርክልሻለሁ» ብቻ አሏት። እኔ ተከትያቸው ወጣሁ።

«አባ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት። በዚያ ሳምንት የሰፈሩ ልጆች ግማሹ ታመው ነበር፤ ጠበል ያልቀመሱትም፣ ከታንከሩ በቀር የማይጠጡትም። ሁለቱ ሞተዋል።

«አላውቅም» አሉኝ። «አንቺም አታውቂም።»

«ለእማየ ልንገራት?»

«አራስ ናት፣ አሁን አይሆንም። ለእኔ ነግረሻል፤ ንስሐሽን እኔ እሰጥሻለሁ። እስከ መስቀል፣ ጠዋት ጠዋት ኪዳነ ቧንቧውን ሲከፍት የመጀመሪያውን ጣሳ አንቺ ጠጪ። ሰው ሁሉ እያየሽ፣ ጠብታ ሳታስቀሪ።»

ቀላል ትመስላለች። ስንት ቀን ዝም ብዬ ስጠጣው የከረምኩት ውሃ ንስሐ ሲሆን እንዴት መረረ! ሴቶቹ ተሰልፈው ያዩኛል። እኔ ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ እጨልጣለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀን ሲገፋ ግን ወደ ሐፊሩ የሚሄዱት እየቀነሱ መጡ። ቧንቧው ሲከፈት «ብርቄ ጠጥታለች?» ይሉ ጀመር። ጠጥታለች ከተባለ ይቀዳሉ። ጋሽ ኪዳነ በስድብም በልመናም ያቃተውን ነገር የእኔ ኃጢአት ሠራችለት።

በአርባው ቀን እማየ ከአራስነት ወጣች። አባ አድማሱ መጡ፣ ጋሽ ኪዳነ መጣ፣ ጎረቤቶች የማሽላ ቂጣ ይዘው መጡ። እማየ በሰው ሁሉ ፊት እኔን ጠርታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘች። ያን ጠዋት ጣሳዬን ሳጥብ ነበርና በረኪና በረኪና ይላሉ።

«ወንድሟን ያቆየችልኝ ይች ናት» አለች። «እኔ አልጋ ላይ ሆኜ፣ በነዚህ ትንንሽ እጆቿ ጠበሉን እያጠራች፣ እየጨመረች።» እጆቼን አገላብጣ ሳመቻቸው።

አባ አድማሱን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ፤ ከዚያ ቂጣቸውን ቆረሱ። እኔ እጄን ልነጥቅ አልቻልኩም። ሰጠኋት።

እስካሁንም እየሰጠኋት ነው። አራስነቷ አለፈ፣ መስቀሉም አለፈ፣ አባ አድማሱም አለፉ፤ «አሁን አይሆንም» ያሉኝ ቃል ግን እኔ ዘንድ ቀረች። ባለፈው ክረምትም ብርጭቆውን ይዤ ስቆም እማየ ከአልጋዋ «ነይማ፣ እጅሽን» አለችኝ። ዓይኗ ደክሟል፤ እጄን ግን ታውቀዋለች። ሳመችውና ወደ ተሻገር ዞረች። «ይች ባትኖር አንተ የለህም» አለችው፣ ሺህ ጊዜ እንዳለችው።

«አውቃለሁ እማየ፣ ኸላስ፣ በቃ!» አለ ተሻገር እየሳቀ።

እኔ ብርጭቆዬን አነሣሁና ጠጣሁ። ግማሹን ስጨርስ ወንድሜ ተገርሞ ተቀበለኝና የቀረውን ራሱ ጨለጠው። ፊቱን አጨማደደ።

«ወላሂ ይሸታል፣ እትየ።»

«ይሽተት» አልኩት።